ቆጡን ከመቀባትሽ በፊት

እስቲ የኔ እህት፣ ያንን ቫርኒሽ ክደኚውና ስሚኝ። ዶሮ የሚያብለጨልጭ እንጨት ምን ያደርግላታል? ጥፍሯ ቆንጥጦ የሚይዘው፣ እግሯን የማይወጋ ቆጥ ይበቃታል። ቫርኒሽ ያንሸራትታል፤ ቀለም ደግሞ ሲላላጥ እየለቀመች ትበላዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

እዚህ አሶሳ ሽመል እንደ ልብ ስለሚገኝ እጅሽ ወደ እሱ መሄዱ አይገርመኝም። ለግድግዳው ይሁንልሽ። ለቆጥ ግን ገላው ለስላሳና ድቡልቡል ስለሆነ እግር አይዝም፤ ነቀዝም ይወደዋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሞራሌ ወይም በደንብ የደረቀ የባሕር ዛፍ አጣና ይሻልሻል። የአጣናውን ልጥ ሙልጭ አድርገሽ ላጪ፤ ተባይ የሚሸሸገው እሱ ሥር ነው። የሞራሌውን ማዕዘን በመላጊያ ስበሪውና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ሲያልቅ ዓይንሽን ጨፍነሽ መዳፍሽን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፊበት። አንቺን የወጋሽ ስንጥር የዶሮዋንም ውስጥ እግር ይወጋል፤ ቁስሉ ውስጥ ኩስ ሲገባ ያብጣል፣ መግል ይይዛል።

ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ስጪ፤ ለ10 ዶሮ 2 ሜትር ማለት ነው። በቆጥና በቆጥ መካከል፣ ከግድግዳውም 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የሀበሻ ዶሮ ከፍ ያለ ቆጥ ትወዳለች፤ እንደ ሳሶ ላሉ ከባዶቹ ግን ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከከፍታ ሲዘሉ እግራቸው ይጎዳል። ብቻ ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ከፍ ይበል፤ አለዚያ መጣያው ውስጥ እያደሩ እንቁላልሽን በኩስ ይለውሱብሻል።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው፣ ምስጥ አይደርስበትም» የሚልሽ አይጠፋም። ለአጥር ምሰሶ ይሁን። ቆጥ ግን ዶሮዋ ሌሊቱን ሙሉ ደረቷን አሳርፋ የምታድርበት ነው፤ ዘይቱ ላባዋ ላይ ይጣበቃል፣ ላባዋን በመንቁሯ ስታስተካክል ትውጠዋለች። ምስጥን የምታሸንፊው እንጨቱን ከአፈር በመለየት ነው። ቋሚዎቹን አትቅበሪ፤ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አቁሚያቸው። በእግራቸው ላይ ወደ ላይ የሚሳብ የጭቃ መስመር ካየሽ ወዲያው ፍቀሽ ጣዪ፣ ከየት እንደመጣም ተከታተይ። የግድ ዘይት ልቀባ ካልሽ ስስ አድርገሽ የተልባ ዘይት ቀቢ፤ ትርፉን ጥረጊና እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ፀሐይ ላይ አስጪው። የቀባሽበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለሽ አትጣዪ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። እኔን ከጠየቅሽኝ ያልተቀባ እንጨት ይበቃል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቆጡን በሚስማር አትምቺው። ጫፎቹ የሚቀመጡበት ማረፊያ ቅረጪለት፣ በፈለግሽ ጊዜ አንስተሽ እንድታወጪው። ቀዩ ቅንቅን ቀን ቀን በዚያ መገጣጠሚያና በስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ማታ ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ዶሮዎቹ አመሻሽ ላይ ቆጥ አንወጣም ካሉ ጠርጥሪ። ማታ ባትሪ ይዘሽ ግቢ፤ የቆጡን ታችና ጫፉን በነጭ ጨርቅ ጥረጊው። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ጭረት ከወጣ አለ ማለት ነው። በማግስቱ ቆጡን አውጪና የፈላ ውሃ አፍስሺበት፤ በተለይ ጫፎቹንና ስንጥቆቹን። ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ከዚያ ስንጥቁ እንዲደፈን ኖራ ቀቢው፣ ኖራውም ሳይደርቅ ዶሮ አታስገቢ። በሙቀት ጊዜ ቅንቅን በ7 ቀን ገደማ ስለሚተካ በሳምንቱ ድገሚው። የእርሻ መድኃኒት ግን የእንስሳት ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትረጪ።

በተረፈ በየሳምንቱ ኩሱን ፍቂ፣ ከሥር ያለውን ጉዝጓዝ ቀይሪ፣ የላላና የተሰነጠቀ እንጨት ካለ ተኪ። በግንቦት ዝናቡ ሲጠና እርጥብ እንጨት ስለማይደርቅልሽ ትልቁን እጥበት ከዚያ በፊት ጨርሺ። ቆጥን የሚያቆየው ቅባቱ ሳይሆን በየሳምንቱ መፋቁ ነውና እሱን አትርሺ።