ሠራተኛን የሚያሠራው ምንድን ነው?
ከጋፋት፣ ከደቦና ከአውራ አምባ የምናገኘው ትምህርት



አብዛኛዎቻችን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትምህርታችንን ጨርሰን በየመሥሪያ ቤቱ እንበተናለን። አንዳንዱ መምህር፣ አንዳንዱ መሐንዲስ፣ አንዳንዱ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ይሆናል። ነገር ግን ገና ወንበራችን ሳይሞቅ «የቡድን መሪ» ወይም «የክፍል ኃላፊ» ተብለን ሰው እንድናሠራ መታዘዛችን አይቀርም። መሐንዲሱ ስለ ድልድይ፣ ሐኪሙ ስለ በሽታ ብዙ ተምሯል፤ ሰውን ስለ ማሠራት የተማረው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው ሥራውን ከልቡ የሚሠራው በምን ምክንያት እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር አስበናል። ምሳሌውንም ሩቅ ሳንሄድ ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው እናመጣለን።

አንደኛ፤ ጋፋት

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የሚገኝ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡትን ባለ እጆችና ሌሎችንም አውሮፓውያን በዚያ አስፍረው ያሠሩ ነበር። የአገሩም ልጆች ከእነርሱ ሥር ሆነው ሙያ ይማሩ ነበር። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ ባለ እጆቹ ይህን ሙያ እንደማያውቁ ተናገሩ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር በሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን በሰንሰለት አስረው እሺ አሰኟቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ታላቅ መድፍ ተሠራ።

ይህንን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ አልነበረም፤ መንገዱም እየተጠረገ መድፉ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ይጎተት ነበር። ንጉሡ መንገድ ሲያሠሩ ራሳቸው ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡና ጉድጓድ ይሞሉ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ተሸክሞ እያየ ማን ቁጭ ይላል? በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር የተነሣው ጉዞ የበሽሎን ገደል ተሻግሮ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «መሪ ምሳሌ ይሁን» ብለን ጽሑፋችንን በዘጋን ነበር። ነገር ግን ሌላ ገጽ አለው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጥላ ነበር፤ ደብረ ታቦርም ንጉሡ ሲለቋት ተቃጠለች። ቅጣቱ እየጸና በሄደ መጠን ወታደሩ ሌሊት ሌሊት እየከዳ ሠራዊቱ መነመነ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዞች ጋር ጦርነት በተደረገ ጊዜ የቀድሞው ብዛት አልነበረም፤ ሚያዝያ 6 ቀንም ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን ሠዉ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ነገር ማሳበብ አይገባም። እኛ የምንይዘው ግን ይህን ነው፤ የመሪ ምሳሌነት እጅን ያነሣሣል፣ ፍርሃት ግን ልብን ያስከዳል። ሰንሰለት መድፍ ሊያሠራ ይችላል፤ በጨለማ የሚሄደውን ወታደር ግን አይመልስም።

ሁለተኛ፤ ደቦና ወንፈል

ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ገበሬው ሥራ ሲበዛበት ጎረቤቱን ይጠራል። በደቦ ጊዜ ባለ ማሳው ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አጫጁ በረድፍ ይሰለፋል፤ አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በወንፈል ግን ነገሩ የብድር ነው፤ አንድ ቀን ያረሰልህን ሰው አንተም አንድ ቀን ታርስለታለህ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በደቦ ላይ የሚገላምጥ አለቃ፣ የሚፈረም የሰዓት መዝገብ የለም፤ ይሁን እንጂ ማሳው በአንድ ቀን ይታጨዳል። ምክንያቱ ሦስት ነው ብለን እናምናለን። ሥራው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሁሉም በዓይኑ ያየዋል። የሰነፈውም የበረታውም በረድፉ ውስጥ ይታወቃል፤ የበረታው ይወደሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ ተራው የእኔ ነው የሚል እምነት አለ። ደጋግሞ ጠርቶ ሲጠሩት የሚቀር ገበሬ ግን በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያጭዳል። እንግዲህ አደራውን የማይመልስ አለቃ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛ፤ አውራ አምባ

በ1964 ዓ.ም. ቀለም ትምህርት ቤት ገብተው ያልተማሩ ገበሬ፣ አቶ ዙምራ ኑሩ፣ በፎገራ ወረዳ የአውራ አምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በዚያ ወንድና ሴት በሥራ አይለዩም፤ ሴቷ ሞፈር ትይዛለች፣ ወንዱ ጥጥ ይፈትላል። ሥራ የሚደለደለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ጉዳያቸውን በተመረጡ ኮሚቴዎች ያካሂዳሉ፤ የማኅበሩ ገቢም ለአባላቱ እኩል ይከፋፈላል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ለአረጋውያንና ለችግረኞች መርጃ ይሠራሉ። በደርግ ዘመን ከቀያቸው ተሰደው ነበር፤ ሆኖም ተመልሰው ሽመናቸውንና ወፍጮአቸውን አቋቋሙ። መሬታቸው ጠባብ ነውና ያቆማቸው የመሬት ስፋት አልነበረም። በውሳኔው ውስጥ ድምፅ ያለው ሰው ሥራውን እንደ ራሱ ቤት ስለሚቆጥረው ነው እንላለን።

የውጭ አገር ሊቃውንትስ ምን ይላሉ?

በአሜሪካ በቺካጎ አጠገብ፣ በሆውቶርን ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በሠራተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በመብራት ብርሃን የተጀመረው ጥናት ፍጻሜው ሌላ ሆነ፤ ኤልተን ማዮና ባልደረቦቹ ሠራተኛው ከብርሃኑ ይልቅ ትኩረት ማግኘቱና ከጓደኞቹ ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚያበረታው አስተማሩ። ኋላ የመጡ ሊቃውንት አሠራሩን ቢነቅፉትም ጥያቄው ግን ጸንቶ ቀረ። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን ለየ። የደመወዝ ማነስና የቢሮ ሁኔታ መጥፎነት ሰውን ያስመርራሉ፤ ከልብ የሚያሠሩት ግን የሥራ ውጤት፣ ምስጋናና ኃላፊነት ናቸው። ይህ ማለት ግን ደሞዙን የነፈግነውን ሰው በምስጋና ብቻ እንሸንግለው ማለት አይደለም። የደቦው ጠላ ሳይጠመቅ ግጥሙ አይደምቅም።

የራሳችን ጥፋት

ሌላውን ከመምከራችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። አንድ ጊዜ መጽሔት ለማባዛትና ለመጠረዝ አሥር ሰዎች መድበን ሦስት ብቻ መጡ። እኛም ተናደን የቀሩትን ሰዎች ስም በሰሌዳ ላይ ለጠፍን። በሚቀጥለው ሳምንት የመጡት ሁለት ናቸው! ከቀሩት አንዱን ብንጠይቀው፣ «ወረቀት ስደረድር አመሸሁ፤ ምን እንደ ተጻፈበት ግን የነገረኝ፣ ሐሳቤንም የጠየቀኝ የለም» አለን። እኛም በሰንሰለት ፈንታ ሰሌዳ ይዘን ኖሯል! ስሞቹን ከሰሌዳው አነሣን፤ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ጽሑፎቹን አብረን አነበብን፤ ማን ምን እንደሚሠራም ራሳቸው ተከፋፈሉ። ሁሉም መጡ አንልም፤ የመጡት ግን መጽሔቱን «የእኛ» ማለት ጀመሩ።

ስለዚህ ነገ ሰው የምናሠራ ሁሉ እነዚህን አምስት ነገሮች እንያዝ፤

1. ከማዘዛችን በፊት የሥራውን ዓላማ እንንገር።
2. ከባዱን ድንጋይ ራሳችን አስቀድመን እናንሣ።
3. «አላውቅም» ያለውን እናስተምር እንጂ አናስፈራራ።
4. የበረታውን በጓደኞቹ ፊት እናመስግን፤ ያጠፋውን ለብቻው እንምከር።
5. ሥራው በሚነካቸው ውሳኔዎች የሠራተኛውን ድምፅ እንስማ፤ ቃል የገባነውንም እንፈጽም።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ያን ያህል ክብደት ያን ያህል ገደል መሻገሩ የሰው ክንድ ምን ያህል እንደሚችል ይመሰክራል፤ ከጎኑ የቀሩት ሰዎች ማነስ ደግሞ ክንድ ያለ ልብ የት እንደሚያደርስ ያሳያል። ሹመት ስናገኝ ሁለቱንም ምስክሮች እናስታውስ።