ልጄ እኔን ይመስል ይሆን?

ነፍሰ ጡር እናት ሕፃኑ በማኅፀኗ ሲንቀሳቀስ ከተሰማት ቀን አንሥቶ ከልቧ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መልኩ የማን ይሆን? እኔን ይመስል ይሆን ወይስ አባቱን?» የሚለው ነው። ጎረቤትም በቡናው ዙሪያ ተሰብስቦ የየበኩሉን ይገምታል፤ አንዷ የአያቱን አፍንጫ፣ ሌላይቱ የአጎቱን ቁመት ትመኝለታለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከደስታው ጋር ሥጋትም አብሮት ይኖራል። «ሕመሜንስ ይወርስብኝ ይሆን?» እያሉ በዝምታ የሚጨነቁ እናቶች በሐዋሳ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ጥቂት አይደሉም። በዚህ ትምህርታችን ሁለቱንም ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

መልክ እንዴት ይወረሳል?

የዘር ውርስን ሕግ በቅድሚያ በሥርዓት የመረመረው፣ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል በሆነችው በብርኖ ከተማ ይኖር የነበረው የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ ክብ ፍሬ ያለውን የተጨማደደ ፍሬ ካለው ጋር እያዳቀለ ውጤቱን ይቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ትውልድ ፍሬው ሁሉ ክብ ሆነ። በሁለተኛው ትውልድ ግን የጠፋ መስሎ የነበረው የተጨማደደ ፍሬ ከአራት አንድ ያህል ሆኖ ተመልሶ ታየ። ከዚህም አንድ ጠባይ በአንድ ትውልድ ተሰውሮ በሚቀጥለው ሊገለጥ እንደሚችል ተረዳ። ጥናቱን በ1865 አቅርቦ በ1866 አሳተመው፤ ዋጋው የታወቀው ግን እርሱ ካረፈ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው።

በሰው ዘንድም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕፃን በተለምዶ 46 ክሮሞሶሞች ሲኖሩት 23ቱን ከእናቱ፣ 23ቱን ከአባቱ ይቀበላል። እናት የምትሰጠው ግን ያላትን ሁሉ ሳይሆን እኩሌታውን ነው፤ ያም ከእናቷና ከአባቷ ያገኘችው በአዲስ መልክ ተደባልቆ ነው። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። የቆዳ ቀለም፣ ቁመትና የፊት ቅርጽ ደግሞ በአንድ ሳይሆን በብዙ ዘረ መሎች የሚወሰኑ ስለሆኑ፣ ልጁ ከሁለቱም ወላጆቹ ይልቅ ጠይም ወይም ቀይ ሆኖ አያቱን ሊመስል ይችላል። ሲወለድ ቀላ ብሎ የታየውም ሕፃን ከሳምንታት በኋላ ጠቆር ሊል ይችላል።

እንግዲህ «እኔን አይመስልም» እያሉ በመልክ ብቻ ሚስትን መጠርጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። «ሴት ብቻ ወለደች» ብሎ እናትን መውቀስም እንዲሁ ነው። የሕፃኑ ጾታ የሚወሰነው በአባት ዘር በኩል በሚመጣው ክሮሞሶም ነውና። በሕፃኑ ገላ ላይ የሚታየውን፣ በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የምንለውን ምልክትም እናቱ ያማራትን ባለማግኘቷ የመጣ ነው ማለት መሠረት የለውም።

ሕመምስ ይወረሳልን?

በሀገራችን ደጋ ቦታዎች እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የዘር ርግማን ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚህም የተነሣ ጋብቻ ይከለከላል፤ እናትም ልጇን በማኅፀኗ ይዛ ታዝናለች። ሊቃውንት ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ የዝሆኔ ዓይነት የሚመጣው ግን በባዶ እግር ሲኬድ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ አፈር ረቂቅ ቅንጣቶች ወደ እግር ገብተው ስለሚጎዱ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በወላይታ የተደረገ ጥናት አንዳንድ ሰዎችን ለበሽታው ይበልጥ የሚያጋልጥ የዘር ባሕርይ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ልጅ ሊወርስ የሚችለው ተጋላጭነቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የሚጫማና እግሩን በውኃና በሳሙና የሚታጠብ ልጅ፣ እናቱ ብትታመምም እርሱ ሊድን ይችላል።

ኤች አይ ቪም በዘር ውርስ የሚመጣ አይደለም። ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ወቅት ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ሕክምና ከሌለ ይህ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፤ እናት መድኃኒቷን በሥርዓት ስትወስድ፣ ሕፃኑም ክትትል ሲደረግለት ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመርመር ይገባታል። ባልም አብሯት ቢሄድና ቢመረመር ሸክሟን ያቀልላታል። በቤተሰቡ የታወቀ ሕመም ካለም ሳይሸሽጉ ለሐኪም ወይም ለአዋላጅ ነርስ መንገር ይበጃል።

ከሥጋ በላይ የሆነ መምሰል

መምሰል በደምና በአጥንት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ፅንስ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ድምፅ ይሰማል፤ ሲወለድም የእናቱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ ያውቃል። ከዚያ በኋላ አነጋገሯን፣ አሳሳቋን፣ ለጎረቤት ያላትን ርኅራኄና በችግር ጊዜ የምታሳየውን ትዕግሥት እያየ ይማራል። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው የአባቶች ብሂልም በአብዛኛው የሚያመለክተው ይህን ከአስተዳደግ የሚገኘውን መምሰል ነው። የዓይኑን ቅርጽ እናት ልትመርጥለት አትችልም፤ የምታሳየውን ጠባይ ግን ትመርጣለች። ይህም የአባት ድርሻ ጭምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን በሕፃን መልክ ወይም ጾታ ምክንያት እናቶች የሚወቀሱባቸው አባባሎች የትኞቹ ናቸው? እንዴትስ ልናርማቸው እንችላለን?
2. ዝሆኔ ያለበትን ቤተሰብ ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ ማግለል ትክክል የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
3. ልጆቻችን ከእኛ እንዲወርሱት የምንወድደው ጠባይ የትኛው ነው? እኛስ በየዕለቱ እናሳያቸዋለንን?