ራዲያተሩ ለምን ይፈላል? ክዳኑስ ምን ይሠራል?

ከአባይ ሸለቆ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው መንገድ ዳር የቆሙ ተሽከርካሪዎችን ሳያይ አይቀርም። «ራዲያተሩ ፈላ» ይባላል፤ ውሃ ይፈለጋል፤ ክዳኑም ይከፈታል። ከዚህ ሁሉ አደገኛው ይህ የመጨረሻው ተግባር ነው። ችግሩን ግን በአብዛኛው ከጉዞ በፊት በቤታችን በምናደርገው አጭር ምርመራ መከላከል ይቻላል። ለዚህም ከልዩ መሣሪያ ይልቅ የሚያስፈልገን፣ በክፍል ውስጥ የተማርነውን የግፊትና የነጥበ ፍሌት ዝምድና በሞተሩ ላይ ማስተዋል ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

አንድ የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። ከቀሪው ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከጠቅላላው ጉልበት ሲሶ የሚሆነውን ደግሞ በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል።

በምሳሌ እንመልከተው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 1,500 × 9.8 × 1,400፣ ማለትም 20.6 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። ለዚህም 80 ሚሊዮን ጁል ገደማ የሚሰጥ ነዳጅ ያቃጥላል። የዚህ ሲሶ፣ 27 ሚሊዮን ጁል ያህሉ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ይህ ሙቀት መውጫ ባያገኝ ኖሮ 12 ሊትር ገደማ የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ በበቃ ነበር። በተጨማሪም በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው አየር ይዞት የሚሄደው ሙቀት ይቀንሳል።

የክዳኑ ተግባር

አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ካረፈው ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ስለሆነ ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በአዲስ አበባ ግን ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ በመሆኑ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ ሞተሮች በመደበኛ ሥራቸው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ስለሚሞቁ፣ ክፍት በሆነ ራዲያተር ውስጥ ውሃው ዘወትር በመፍላት አፋፍ ላይ ይሆን ነበር።

ይህን የሚከላከለው ክዳኑ ነው። በውስጡ ያለው ሞላ መክፈቻውን ተጭኖ ይይዛል። በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን፣ የውስጡ ግፊት ከአካባቢው አየር 88 ኪሎፓስካል ያህል እስኪበልጥ ድረስ አይከፈትም። በአዲስ አበባ ጠቅላላው ግፊት 76 + 88 = 164 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ የውሃው ነጥበ ፍሌትም ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ይህን የ22 ዲግሪ ጥቅም ያሳጣል። ስለዚህ ክዳን ሲቀየር ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ቁጥሩ ካነሰ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ከበለጠ ደግሞ የጎማ ቱቦዎቹ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ትኩስ ክዳን ለምን አይከፈትም?

በ110 ዲግሪ ላይ ያለ 6 ሊትር ውሃ በክዳኑ ታፍኗል እንበል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በድንገት ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ውሃው አሁን ከነጥበ ፍሌቱ በ18 ዲግሪ በልጧል። ይህ ትርፍ ሙቀት 200 ግራም ያህሉን ውሃ ወዲያውኑ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። 200 ግራም ጥቂት ይመስላል፤ በዚህ ግፊት ግን 440 ሊትር ያህል እንፋሎት ነው፤ ከሁለት በርሜል ይበልጣል። ይህ ሁሉ የፈላውን ውሃ እየገፋ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ከፋቹ ፊትና እጅ ይወጣል። እንፋሎቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት እየተመለሰ ስውር ሙቀቱን ስለሚለቅ ቃጠሎው የከፋ ይሆናል።

ስለዚህ መኪናው ሙቀት ሲጨምር ጥግ ይዞ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል መታገሥ ይገባል። ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ላይኛው ቱቦ ለእጅ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑ አይነካም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በቤት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይደረጋል።

1. የውሃ መጠን፦ በመጠባበቂያው ዕቃ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በየጊዜው የሚቀንስ ከሆነ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ።

2. የውሃው ዓይነት፦ በቧንቧና በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሟሙ የካልሲየምና የማግኒዚየም ውሑዶች ሲሞቁ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ይጋገራሉ። ቅርፊቱ ሙቀት አላሳልፍ ይላል። የተጣራ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር መቀላቀል ይመረጣል፤ ፈሳሹ ነጥበ ፍሌትን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። ሆኖም በብዛት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከሕፃናትና ከእንስሳት ይራቅ፤ ደጅም አይደፋ።

3. ቺንጋ፦ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ከሆነ ይቀየር ወይም ይወጠር። በብዙ መኪናዎች የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው እርሱ ነው።

4. የሞተር ዘይት፦ መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ወተት እንደተቀላቀለበት ቡና ከገረጣ፣ ውሃ ገብቶበት ይሆናል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርምና መኪናው ሳይነሣ መካኒክ ይጠራ።

አንድ ሙከራ

ቴርሞስታት በውስጡ ባለው ሰም መቅለጥና መስፋት የሚከፈት በር ነው። አንዳንዶች «በሞቃት አገር አያስፈልግም» ብለው ያስወጡታል። ያለ እርሱ ግን ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይፈጃል፤ ክፍሎቹም ቶሎ ያረጃሉ። መሥራቱን ለማወቅ ለምግብ በማይውል ድስት ውሃ ውስጥ፣ ወለሉን ሳይነካ በክር አንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ማሞቅ ይበቃል። 82 የሚል የተጻፈበት በዚያ ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ውሃው በ92 ሲፈላ በከፊል ብቻ ተከፍቶ ቢታይ ተበላሽቷል ተብሎ አይጣል።

ለአንባብያን አንድ ጥያቄ እንተው፦ ያው ባለ 0.9 ክዳን የገጠመ መኪና ወደ ባሕር ጠለል ቢወርድ፣ በውስጡ ያለው ውሃ የሚፈላው ከ114 ዲግሪ በላይ ነው ወይስ በታች? ለምን?