ከአንድ ትውልድ በላይ የሚታሰብ ውኃ፦ ከአዲስ ዓለም የምንማረው
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ የውይይት ትምህርት

መጽሐፈ ነገሥት የንጉሥ ሕዝቅያስን ሥራ ሲዘጋ ለይቶ የሚያነሣው ኩሬውንና ውኃውን ወደ ከተማይቱ ያስገባበትን ቦይ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ደግሞ እስራኤል በሰፈሩበት ሁሉ ለመጸዳጃ የሚሆን ስፍራ ከሰፈር ውጭ እንዲለዩ፣ ከሰውነታቸው የሚወጣውንም በአፈር እንዲሸፍኑ ታዝዘዋል። ወደ ከተማ የሚገባው ውኃና ከከተማ የሚወጣው እድፍ አንድ ላይ መታሰብ እንዳለባቸው ከእነዚህ ሁለት ክፍሎች እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው፤ አብነት የምናደርገውም የአዲስ ዓለምን ከተማ ነው።

፩. አዲስ ዓለም ለምን ተቆረቆረች?

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ምክንያቱ የእንጨት እጦት ነበር፤ በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ አልቆ ነበርና። በኋላ ግን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት ስላደገ አዲስ አበባ ከመዛወር ዳነች። ለቤተ መንግሥት ታስቦ የነበረውም ስፍራ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ከተማ የሚቆመው በተፈጥሮ ሀብት ላይ ነው፤ ሀብቱ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምክክርም ውድ ዋጋ ያስከፍላል። ይሁንና ያለቀ ደን በሌላ ዛፍ ሊተካ ችሏል። የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ግን ለመጥራት ረጅም ዓመታት ይፈልጋል፤ ቤት የተሠራበት የምንጭ አናትም ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ በውኃ ጉዳይ አስቀድሞ ማሰብ ከእንጨቱ ይልቅ የጠነከረ ግዴታ አለው።

፪. የ20 ዓመት ስሌት

የውኃ ባለሙያዎች የከተማ ውኃ ሲያቅዱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20 ዓመት አርቀው ያሰላሉ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በተቀመጠው ደረጃ መሠረት ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ላለው ከተማ ነዋሪ ደግሞ በቀን 50 ሊትር ታስቧል።

ለአብነት 20,000 ነዋሪ ያለውን ከተማ እንውሰድ። የዛሬ ፍላጎቱ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምር ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 44,000 ይደርሳል፤ ፍላጎቱም 2,200 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከሚመረተው ውኃ ከአምስት አንዱ እጅ በአሮጌ ቧንቧ ቢፈስ ደግሞ መመረት ያለበት 2,750 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ ለዛሬው ሕዝብ ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ ተመርቆ ብዙ ሳይቆይ ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። የእያንዳንዱ ከተማ ትክክለኛ ቁጥር ከማዘጋጃ ቤቱ ስለሚገኝ ጉባኤያችን ይህን ስሌት በራሱ ከተማ ቁጥር እንዲሠራው እንመክራለን።

፫. የሚወጣውስ ወዴት ይሄዳል?

ቧንቧ በየቤቱ በገባበት ከተማ፣ ከተጠቀምንበት ውኃ 80 በመቶ ያህሉ ፍሳሽ ሆኖ እንደሚወጣ በዕቅድ ሥራ ይገመታል። አብዛኞቹ ከተሞቻችን ግን የፍሳሽ መስመር የላቸውም፤ የሚጠቀሙት በጉድጓድ መጸዳጃና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ውኃ ሲጨምር የመጸዳጃው ጉድጓድም ቶሎ ይሞላል። የመምጠጫ መኪና ቢመጣ እንኳ ዝቃጩን የሚያራግፍበት የተለየ ስፍራ ከሌለ መጨረሻው ወንዝ ነው።

በአዲስ ዓለም አካባቢ ያሉት የበርጋና የሆለታ ወንዞች ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ቆቃን አልፎ እስከ አፋር ይዘልቃል። የአምቦው ሁሉቃ ደግሞ በጉደር በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። እኛ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች በሁለት ታላላቅ ወንዞች ራስ ላይ ስለተቀመጥን፣ የምንጥለው ሁሉ ከታች ላለው ወንድማችን ይደርሰዋል። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ በዚህም ይመዘናል።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከውኃው በታችኛው ተዳፋት መሆን አለበት፤ የጉድጓዱም ወለል ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። በጊንጪ አካባቢ እንዳለው ባለ መረሬ አፈር ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል፤ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ያቁራልና ጉድጓዱ ይናዳል ወይም ይሞላል።

፬. የአጥቢያው ድርሻ

ቧንቧ መዘርጋት የመንግሥት ሥራ ነው ብለን የምንተወው ቢሆንም በእጃችን ያለ ብዙ ነገር አለ።

መሬት፦ በደብሩ ይዞታ ውስጥ ምንጭ ወይም ጠበል ካለ አናቱ ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት ተከልሎ ይጠበቅ። ለኪራይ ወይም ለግንባታ ቦታ ሲሰጥ ጉባኤው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ “ውኃው ከየት ይመጣል፣ ፍሳሹስ ወዴት ይወርዳል?” የሚለው ይሁን። የኪራይ ገቢ በየዓመቱ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ የተበላሸን ምንጭ ግን ገቢው አይመልሰውም።

ዛፍ፦ ባሕር ዛፍ ለአካባቢያችን ባለውለታ ነው። ነገር ግን በፍጥነት የሚያድግና ብዙ ውኃ የሚስብ በመሆኑ በምንጭ አናት አይተከል። በዚያ የሚስማማው እንደ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ያለው አገር በቀል ዛፍ ነው።

ጣሪያ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውኃ ይሰጣል። ጣሪያው 300 ካሬ ሜትር የሆነ ሕንፃ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝና 80 በመቶው በአሸንዳ ቢሰበሰብ 240,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ለንጽሕናና ለችግኝ ታላቅ እገዛ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት፦ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀሙ 50 ተማሪዎች ካሉና እያንዳንዱ በዓመት 60 ሊትር ዝቃጭ ይተዋል ብለን ብናሰላ፣ በዓመት 3 ሜትር ኩብ ይሞላል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲቆፈር የሚሞላበት ዓመት ይታወቃል፤ ለማስመጠጫ ወይም ለአዲስ ጉድጓድ የሚሆነው ገንዘብም ከዚያው ዓመት ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይቀመጥ።

ዓመታዊ በዓል፦ 10,000 ምእመናን ቢመጡና ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር ብቻ ቢታሰብ 50 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። የበዓሉ ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነውና ዝግጅቱን ለዋዜማው አንተወው።

፭. ጉባኤ ሲቀየር ዕቅዱ እንዳይቀየር

የ20 ዓመት ዕቅድ ትልቁ ፈተና የሚያቅዱት ሰዎች ለ20 ዓመት በኃላፊነት አለመቆየታቸው ነው። ስለሆነም የምንጩን፣ የቧንቧውን፣ የመጸዳጃውንና የመቃብሩን ስፍራ የሚያሳይ ንድፍ ተዘጋጅቶ አንዱ ቅጂ በደብሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በወረዳ ቤተ ክህነት ይቀመጥ፤ ተረካቢው ጉባኤም ከሒሳቡ ጋር ይረከበው። ማዘጋጃ ቤቱ መሪ ፕላን ሲከልስና የከተማው ውኃ አገልግሎት ሲያቅድም የደብሩ ተወካይ ይህን ንድፍ ይዞ ይገኝ። ኮሚሽናችን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በልማት ሥራ ሲያገለግል፣ ምንጭ የሚጎለብተው በሲሚንቶ ቢሆንም ጸንቶ የሚቆየው በባለቤት መሆኑን አይተናል።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ያሉ የውኃ መገኛዎች የትኞቹ ናቸው? በ30 ሜትር ውስጥ መጸዳጃ አለ?
2. የደብራችን መጸዳጃ በስንት ዓመት ይሞላል? ከሞላ በኋላ ዝቃጩ ወዴት ይወሰዳል?
3. በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ቤት እንዳይሠራበት ከአሁኑ መከለል ያለበት ስፍራ የትኛው ነው?
4. ይህን የሚያስፈጽም፣ ለጉባኤውም በየሩብ ዓመቱ የሚያስረዳ አንድ አባል ማንን እንመርጣለን?

ይስሐቅ የአባቱን ጉድጓዶች ዳግመኛ እንደ ቆፈረ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። የእኛ ልጆች የተደፈነ ጉድጓድ ለመቆፈር እንዳይደክሙ፣ ንጹሑን ምንጭ ጠብቀን እንድናስረክባቸው እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።