መራራ መድኃኒትና እንቢተኛ ምላስ፦ ሕፃናት ክኒን ለምን ይተፋሉ?

በአማርኛ ማንኛውንም የሚዋጥ የመድኃኒት እንክብል «ክኒን» እንለዋለን። ቃሉ የመጣው ከአንድ የወባ መድኃኒት ስም፣ ከኪኒን ነው። ኪኒንን እ.ኤ.አ. በ1820 ፔሌቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ለይተው አወጡት። ንጥረ ነገሩ እጅግ መራራ ከመሆኑ የተነሣ የጣዕም ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ መራራነትን ለመፈተን ይጠቀሙበታል። እንግዲህ በቋንቋችን የእንክብል ሁሉ ስም የተወረሰው በመራራነቱ ከታወቀ መድኃኒት ነው ማለት ነው። ከክኒን በፊትም ቢሆን አያቶቻችን የሚጠጡት የኮሶ አበባ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚል አነጋገር አትርፎልናል።

አዋቂ ሰው ፊቱን አጨማዶም ቢሆን መራራውን ይውጣል፤ ከምሬቱ በኋላ የሚመጣውን መዳን ያስባልና። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ይህን ስሌት አያውቅም። አፉን ይገጥማል፣ ይተፋል፣ ያስመልሳል። በዚህ ጽሑፍ ሕፃናት መራራ መድኃኒትን ለምን እንቢ እንደሚሉ ከሥነ ሕይወትና ከኬሚስትሪ አንጻር እንመረምራለን። ቀጥለንም ይህን እውቀት ተጠቅሞ መድኃኒቱን ያለ ትግል መስጠት እንዴት እንደሚቻል እናያለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ከሚሆንባቸው አካባቢዎች ከአንዱ፣ ከገለጉ ነው።

ገለጉና የወባ ወቅት

ገለጉ በምዕራብ ጎንደር ዞን የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከመተማ እስከ ቋራ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የተዘረጋው ይህ ሞቃታማ ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ በየቦታው የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በመሆኑም ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ስለሚገጥም ወላጆች ከማሳ ሳይመለሱ ሕፃናት በትኩሳት የሚወድቁበት ጊዜ ነው።

በአካባቢው ሁለት ዓይነት የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ገዳይ ለሆነው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ እንክብል የተጣመሩበት፣ በብዙዎች ዘንድ ኮአርተም በሚል የንግድ ስሙ የሚታወቀው መድኃኒት ነው። ለፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ደግሞ ክሎሮኪን ሲሰጥ ኖሯል። ሁለቱም ይመራሉ፤ በተለይ ክሎሮኪን ተሰባብሮ ምላስ ላይ ሲያርፍ ምሬቱ ቶሎ የሚለቅ አይደለም።

ምላስ ዘበኛ ነው

መራራነትን የሚለዩት በጣዕም እንቡጦቻችን ውስጥ በሚገኙ ሕዋሳት ላይ የተሰኩ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ለይተው ያወቋቸው እነዚህ ፕሮቲኖች ቲኤኤስ2አር የሚል የቤተሰብ ስም አላቸው። በሰው ዘንድ ወደ 25 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ። ለጣፋጭ ጣዕም ግን ሰውነታችን በዋናነት የሚጠቀመው በአንድ ጥምር ተቀባይ ነው። ይህ ልዩነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ዕፅዋት ራሳቸውን ከበላተኛ ለመከላከል የሚያዘጋጇቸው አልካሎይዶች አብዛኞቹ መራራ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መርዞች ናቸው። ጣፋጩ አንድ ነገር፣ ማለትም ኃይል ሰጪ ምግብ መኖሩን ሲያበስር፣ መርዙ ግን ብዙ መልክ ስላለው ብዙ ዘበኞች አስፈልገዋል።

ይህ ጥበቃ የሚጀምረው ከመወለድ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታይነር የተባለ ተመራማሪ ገና የተወለዱ ሕፃናት ምላስ ላይ ጣፋጭና መራራ ጠብታዎችን አድርጎ የፊታቸውን ሁኔታ መዝግቧል። ጡት ያልቀመሱት እንኳ ለጣፋጩ ፊታቸው ሲፈታ፣ ለመራራው አፋቸውን ከፍተው ለመትፋት ሞክረዋል። ስለዚህ ሕፃኑ ክኒኑን ሲተፋ አጥፍቷል ወይም ሞልቃቃ ሆኗል ማለት አይደለም። ሰውነቱ መርዝ እንዳይገባ የሚያደርገውን መከላከል በትክክል እየፈጸመ ነው። ችግሩ ዘበኛው መድኃኒትን ከመርዝ መለየት አለመቻሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። በአንዳንድ የመማሪያ መጻሕፍት ጣፋጭ በምላስ ጫፍ፣ መራራ በምላስ ሥር ብቻ እንደሚለይ የሚያሳይ ሥዕል ይታያል። ይህ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1901 የታተመ ጥናት በተሳሳተ መንገድ በመተርጎሙ የተስፋፋ ነው። የጣዕም እንቡጥ ያለበት የምላስ ክፍል ሁሉ አምስቱንም ጣዕሞች ይለያል። በአንጻሩ የጉንጭ የውስጥ ግድግዳ እንቡጥ የለውም ማለት ይቻላል። ይህን እውነታ ከታች እንጠቀምበታለን።

አባት የቀመሰው ልጁ ከቀመሰው ይለያል

ወላጅ መድኃኒቱን በጣቱ ነክቶ ይቀምስና «ይኼ እኮ ያን ያህል አይመርም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ቀምሰው አንድ ዓይነት ጣዕም ላያገኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1931 ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በቤተ ሙከራው ፒቲሲ የተባለ ዱቄት ሲያዘጋጅ ብናኙ በአየር ተበተነ። ባልደረባው ምሬቱን አማረረ፤ ፎክስ ግን ምንም አልተሰማውም። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑ ቶሎ ታወቀ፤ ኃላፊነቱን የሚወስደው ጂን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ተለይቷል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከዚህ ጂን አንድ ዓይነት ቅጂ ከያዙ ሰዎችም መካከል ሕፃናት ምሬቱን ከአዋቂዎች ይልቅ በቀላሉ ሊለዩት ይችላሉ። የወላጅ ምላስ ለልጅ ምላስ አስተማማኝ መለኪያ አይደለም።

የተተፋው መድኃኒት ምን ያስከትላል?

አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን በሦስት ቀናት ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳሉ፤ የመጀመሪያው ወዲያውኑ፣ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ የቀሩት ደግሞ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ። የሁለቱ የሥራ ድርሻ የተለያየ ነው። አርቴሜተር በፍጥነት እጅግ ብዙውን ጥገኛ ይገድላል፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ሉሜፋንትሪን ለቀናት በደም ውስጥ ቆይቶ የተረፈውን ይጠርጋል። በዚህ ምክንያት ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበርዳል። በትግሉ የተሰላቸ ወላጅም «ለቀቀው እኮ» ብሎ የቀረውን ሊተወው ይችላል። የተረፉት ጥገኞች ግን ተባዝተው በሽታውን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይመልሱታል።

ጉዳቱ በአንዱ ሕፃን ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ደካማዎቹን ጥገኞች ገድሎ ጠንካሮቹን ያስቀራል። ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች በጥገኛው ኬ13 በተባለ ጂን ላይ አር622አይ የተሰኘ ለውጥ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ወጥቷል። ይህ ጂን መድኃኒቱን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በአካባቢው እያንዳንዱ ክኒን በአግባቡ መዋጡ ለጎረቤትም ልጅ ጥቅም ነው።

ኬሚስቶች ያገኙት መፍትሔ

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕፃናት የሚስማሙ መድኃኒቶች እንዲዘጋጁ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በውኃ የሚሟሟና የቼሪ ፍሬ ጣዕም ያለው ጣፋጭ ኮአርተም ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ5 የአፍሪካ አገሮች በ899 ሕፃናት ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የሚሟሟው ክኒን ተፈጭቶ ከሚሰጠው መደበኛ ክኒን ጋር እኩል የመፈወስ ኃይል አሳይቷል፤ በሁለቱም ቡድኖች 98 ከመቶ ገደማ ድነዋል።

ሌላው ምሳሌ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ይበልጥ የሚስብ ነው። የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል እንደ ቀኝና ግራ እጅ በመስተዋት የሚተያዩ ሁለት የሞለኪውል ቅርጾች ድብልቅ ነው። ትሉን የሚገድለው በዋናነት አንደኛው ቅርጽ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚመረው ደግሞ የማይጠቅመው ሁለተኛው ነው። ጠቃሚውን ቅርጽ ብቻ የያዘ፣ ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ የሚሟሟ ክኒን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት የድጋፍ አስተያየት አግኝቷል። አንድን ሞለኪውል ከመስተዋት ምስሉ መለየት ክኒኑን ትንሽና ምሬቱን ቀላል አድርጎታል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በገጠር ቀበሌ ያለች እናት በእጇ ያለውን ይዛ ነው የምትታገለው። ከላይ ያየነው ሳይንስ ለእርሷ የሚከተሉትን ያስገኛል።

አንደኛ፣ መጠኑ በጤና ባለሙያ በሕፃኑ ክብደት ይወሰን። የሚሟሟውን ክኒን በሁለት የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ውኃ አሟሙቶ መስጠት፣ ከዚያም ጽዋውን በትንሽ ውኃ አለቅልቆ ዝቃጩን ማጠጣት ያስፈልጋል። ከጽዋው ግርጌ የሚቀረው የመድኃኒቱ አካል ነውና።

ሁለተኛ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጎ በማስቀመጥ በማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጥቂት በጥቂት ወደ ጉንጩ ውስጥ መስጠት ይሻላል። አፍንጫ ይዞ መጋት ግን አደገኛ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን በኃይል አየር ስለሚስብ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ ትን ሊለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቅባት ያለው ነገር ይጨመር። ሉሜፋንትሪን በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ነው። በጤነኛ አዋቂዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከተወሰደው 16 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ደግነቱ ብዙ ቅባት አያስፈልግም፤ ጥቂት ወተት ይበቃል። የታመመ ሕፃን ምግብ ስለሚጠላ ለሚጠባው የእናት ጡት፣ ለጠና ደግሞ የፈላ ወተት ወይም በልሞ የተፈጨ ሰሊጥ የገባበት ቀጭን አጥሚት ይሰጠው። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ የቋራ ማሳ ራሱ መፍትሔውን ያበቅላል። ወተቱና አጥሚቱ ምሬቱንም ከምላስ ያጥባሉ። ይህ ምክር ግን ለመድኃኒት ሁሉ አይሠራም፤ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያዎች ከወተት ካልሲየም ጋር ተጣብቀው ኃይላቸው ይቀንሳል።

አራተኛ፣ መድኃኒቱ በሙሉ ሳህን ምግብ ውስጥ አይደበቅ። ሕፃኑ ግማሹን ከተወው ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም። በተጨማሪም ጋርሲያ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአይጦች እንዳሳየው፣ ከሕመም ጋር የተያያዘ ጣዕም ለረጅም ጊዜ ይጠላል። ሕፃኑ የዕለት ምግቡን እንዳይጠላ ማጣፈጫው በአንድ ማንኪያ ይወሰን። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

አምስተኛ፣ «ከረሜላ ነው» ብሎ ማታለል አይገባም። አንድ ጊዜ የተታለለ ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ ካመነም ብቻውን ሲሆን ሊበላው ይችላል። ክሎሮኪን በጥቂት ክኒን ሕፃን የሚገድል መድኃኒት ነው። «የኔ ጌታ፣ ይመራል፤ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ወተቱ ይኸው» ማለት እውነትም ብልኃትም ነው።

ሕፃኑ መድኃኒቱን በወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው መጠኑ ይደገማል። ለዚህ የሚውለው ከቀሪዎቹ ክኒኖች ስለሚጎድል ተተኪውን ከጤና ኬላው መቀበል ያሻል። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን የማጣፈጥ ጊዜ አልፏል። ያን ጊዜ በምላስ በኩል የማያልፍ መድኃኒት፣ ማለትም የአርቴሱኔት መርፌ ስለሚያስፈልገው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ

ያለ ስኳር የተፈላ ወፍራም ቡና በአራት ስኒ ቅዱ። አንዱን እንዳለ ተዉት፤ በሁለተኛው ስኳር፣ በሦስተኛው ቁንጥር ጨው፣ በአራተኛው ወተት ጨምሩ። ጓደኞቻችሁ ሳያዩ ቀምሰው ምሬቱን ከ0 እስከ 10 ይስጡት። ሶዲየም የአንዳንድ መራራ ነገሮችን ጣዕም ይቀንሳል፤ ስኳር በአንጎል ውስጥ ምሬቱን ያደበዝዛል፤ የወተት ፕሮቲንና ቅባት ደግሞ መራራ ሞለኪውሎችን ይይዛሉ። የሰዎቹ ውጤት መለያየቱንም አስተውሉ፤ ስለ ፎክስና ስለ ባልደረባው የተናገርነውን በራሳችሁ ስኒ ታያላችሁ።

ከሁሉም በላይ ልናስጨብጥ የምንወደው አንድ ነገር ነው። የሕፃኑ እንቢታ ጠላት ሳይሆን የጤናማ ሰውነት ምልክት ነው። በጉልበት ስንታገለው መድኃኒቱ መሬት ላይ ይቀራል፤ አሠራሩን አውቀን በጉንጭ፣ በወተትና በትዕግሥት ስንዞረው ግን ወደ ደም ይደርሳል። በመስከረም ወደ ቆላው ቤተሰቦቻችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች ይህን እውቀት ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ስድስተኛው ክኒን ሳይዋጥ የሚቀርባቸው ቤቶች ቁጥር ይቀንሳል ብለን እናምናለን።