መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ባልዲ ይግባ
ለሰንሻይንና ለአካባቢው ዓሣ አጥማጆች የተሰጠ ምክር

ዝናቡ ካባራ ወዲህ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ሰው በርክቷል። ይህ ደስ ይላል። ባልዲው ውስጥ የሚታየው ግን ደስ አይልም። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ ፐርቾች በጥቂት ውኃ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ያጣጥራሉ። ብለን ብለን ደክሞናል፤ አሁንም እንላለን፦ ዓሣው ባልዲ ከመግባቱ በፊት ይለካ።

«ቤት ስንደርስ እንለካዋለን» አይሠራም። «በዓይኔ አውቀዋለሁ»ም አይሠራም። ባስና ኢስቹዋሪ ፐርች 27 ሳንቲሜትር ካልሞሉ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው ሁለቱ ተደምረው 5 ብቻ ነው። ብሪም ደግሞ 28 ሳንቲሜትር መሙላት አለበት። ባስና ፐርች ተመሳስለውባችሁ ከሆነ አትጨነቁ፣ የሁለቱም ልክ አንድ ነው። ዓሣውን መለኪያው ላይ አጋድማችሁ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ለኩ። መለኪያውን ባልዲው ክዳን ላይ ለጥፉት፤ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣውም።

ፐርች አስርት ዓመታት የሚኖር፣ እድገቱ ዘገምተኛ ዓሣ ነው። ዛሬ ያለቀው ለከርሞ አይተካም።

ማጥመዱን ታውቁበታላችሁ፤ ለሰሞኑ ብቻ ይህን ያዙ። ድፍርሱ ውኃ ከላይ ሲገፋ ፐርቹ ከአቮንዴል ሃይትስ በታች ወደ ፉትስክሬይ ይወርዳል። ምሽት ላይ፣ ባሕሩ ሞልቶ መጉደል ሲጀምር፣ በወደቁ ዛፎችና በድልድይ ምሰሶዎች ሥር ፈልጉት። መሀል ወንዝ መወርወር ድካም ነው። ማባበያውን ከግንዱ አጠገብ ጣሉና እስኪሰምጥ ታገሡ፤ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲሰምጥ ነውና ክሩን እያያችሁ ጠብቁ። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ።

የመንጠቆውን የኋላ ጥርስ በፒንሳ ደፍጥጡት፤ ትንሹ ዓሣ ሳይቆስል ይላቀቃል። ስትይዙት እጃችሁ እርጥብ ይሁን፤ ደረቅ እጅና ጨርቅ ልጋጉን ይገፈዋል። መንጠቆውን ከዋጠው አትጎትቱ፣ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ወዲያው ከተለካ ነው። ባልዲ ውስጥ ሰዓት የቆየ ዓሣ ቢመለስም መትረፉ ያጠራጥራል።

በጾም ዓሣ የምትበሉ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ስሙ። ከታችኛው ማሪቢርኖንግ የወጣ ዓሣ እንደ ልብ አይበላም፤ የቪክቶሪያ የጤና መሥሪያ ቤት በወር ገደብ አውጥቶበታል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ገደቡ ይጠብቃል፤ እባብ መሰሉን ኢል ጨርሶ አይብሉ። ሆድ ዕቃውንና ስቡን ጣሉ፤ ወንዙ ደፍርሶ ሳለ የወጣውንም ለማዕድ አታቅርቡ።

ዕድሜው ከ18 እስከ 69 የሆነ ሰው የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ነፃ የሚያደርግ የጡረታ ካርድ ያለው ካርዱን ይያዝ። የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች ባልዲውን ከፍተው ይለካሉ፤ ያነሰ ከተገኘም ቅጣቱ ባልዲውን በያዘው ሰው ላይ ነው።