የሕንድ ክልሎች አጭር ክሪኬት

ጥያቄ፦ በሕንድ ክልሎች መካከል የሚደረገው አጭሩ የክሪኬት ሻምፒዮና እንዴት ይካሄዳል? ከገና ጨዋታ ጋርስ ይመሳሰላል? (አንባቢ፣ ከቀየት)

መልስ፦ ይህ ውድድር የሰይድ ሙሽታቅ አሊ ዋንጫ ሲሆን፣ ስያሜውን የወሰደው በ1936 እ.ኤ.አ. በማንችስተር ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ቴስት፣ ማለትም በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለቀናት በሚዘልቅ ግጥሚያ፣ ከአገሩ ውጭ መቶ ሩጫ በማስቆጠር የመጀመሪያው ሕንዳዊ ከሆነው መቺ ነው። በ2006/07 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የመጀመሪያ ውድድር ታሚል ናዱ አሸንፏል።

እያንዳንዱ ቡድን የሚመታው ለ20 ኦቨር ሲሆን፣ ኦቨር ማለት አንድ ወርዋሪ በተከታታይ የሚወረውራቸው ስድስት ሕጋዊ ኳሶች ናቸው፤ አሥር መቺዎች ቀድመው ከወጡ ተራው ወዲያው ያበቃል፣ አንድ ወርዋሪም ከአራት ኦቨር በላይ አይፈቀድለትም።

«የክልሎች» መባሉ ግን በጥብቅ ሊወሰድ አይገባም፤ የጉጃራት ክልል ብቻውን ጉጃራት፣ ባሮዳና ሳውራሽትራ የተባሉ ሦስት ቡድኖችን ሲያሰልፍ፣ የምድር ባቡርና የጦር ኃይሎች ቡድኖችም ይሳተፋሉ። የአቅም ልዩነታቸውም ሰፊ ነው፤ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ባሮዳ በኢንዶር ከተማ ሲኪምን ሲገጥም 349 ሩጫ አስቆጥሮ በዚህ ቅርጽ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ እንዲህ ያለው ውጤት፣ ለመዝገብ ቢያምርም፣ ለፉክክር የሚበጅ አይደለም።

ከገና ጋር የሚያመሳስለው በእንጨት መምታቱ ብቻ ነው፤ በገና ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ጥንጓን እየተሻሙ ወደ ተቃራኒው ዳር ሲነዱ፣ በክሪኬት ግን አንዱ ሲመታ ሌላው እየወረወረ ተራውን ስለሚጠብቅ፣ ገና ይበልጥ የሚቀርበው ለሆኪ ነው።